ካህን በዋዜማ አይነቀልም

ሲስተር አስካለ እሑድ ጠዋት ደውላ መጀመሪያ የነገረችኝ የሰኞ ቀጠሮዎቼን በሙሉ መሰረዟን ነው። እኔ ደግሞ ከእንቅልፌ በስልክ ከቀሰቀሱኝ አመለ ቢስ ነኝ። ማን ፈቀደልሽ ብዬ ልቆጣት ስል፣ "ዶክተር አጥናፉ አርፈዋል" አለችኝ። ቀጥላም ነገ ምንም በዓል እንደሌለ፣ የቀን መቁጠሪያውን ደግማ ደጋግማ እንዳየችው ነገረችኝ። በዚያ ሐዘን መሐል የቀን መቁጠሪያ ማየት ምን ይሉታል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ስለገባኝም ማልቀስ ጀመርኩ።

ቀብራቸው ሰኞ፣ ትውልድ አገራቸው አንኮበር ነበር። ጉም መንገዱን ውጦት፣ መኪናችን መብራቷን አብርታ እየዳበሰች ደረሰች። በዓል የሌለበት ቀን ነውና ካህኑ ሁሉ መጥቷል፤ እንዲያ ያለ የካህን ብዛት በአንድ ተራ ሰው ቀብር ላይ አይቼ አላውቅም። ከእነዋሪ የመጣ አለ፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣ አለ፣ ከቆላው በእግሩ ዳገቱን የወጣ አለ። ፍትሐቱ እስኪጀመር ጥግ ጥግ ይዘው ያወራሉ። ጠጋ ብዬ ብሰማ አንዱ ለአንዱ አፉን ከፍቶ "ይቺን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው" እያለ ያሳያል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር፤ ደስ ካላቸው በኋላ ደግሞ "እስቲ ጠጋ በሉ፣ ይቺ ጥግ ላይ ያለችውን ልያት" ማለታቸው አይቀርም።

ዶክተር አጥናፉ ቀጣሪዬ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ነበረቻቸው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ በተመረቅኩ በዓመቴ ማስታወቂያ አይቼ መጣሁ። ለስድስት ወር ብዬ ነበር። አራት ዓመት አብረን ሠራን፤ ከአራቱ ሦስቱን በጭቅጭቅ ጨረስነው።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። በነጭ ጋዋናቸው ላይ ጋቢ ደርበው ነው የሚሠሩት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለሕክምና ደንብ ግድ የለውም። ኅዳር ላይ ከማሽኑ የሚወጣው ውኃ ጥርስ ላይ ሲያርፍ ጤነኛውንም ያስጮኽ ስለነበር፣ ውኃውን ቀድመን በማንቆርቆሪያ እናሞቀው ነበር። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ጆሯቸው ላይ ደግሞ አንድ ቀይ እስክሪብቶ አለ።

የሕይወቴ ጠላት ያቺ ቀይ እስክሪብቶ ነበረች።

ደንቡ እንዲህ ነው። እኔ በሽተኛውን አያለሁ፣ ራጁን አነሳለሁ፣ ካርዱ ላይ በሰማያዊ "ይነቀል" ወይም "ይሞላ" ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ሲስተር አስካለ ካርዱን ይዛ ወደሳቸው ክፍል ትሄዳለች። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ይመጣሉ፣ አፉን ያያሉ፣ በቀይ ይፈርማሉ ወይም ይሰርዛሉ። አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ትምህርት በአንዲት ቀይ ሰረዝ ይሻራል ማለት ነው። ደሜ ይፈላ ነበር። ከዚያ ክሊኒክ የምፈልገው ነገር ደመወዝም ዕረፍትም አልነበረም። አንድ ቀን፣ አንድ በሽተኛ ላይ፣ የመጨረሻውን ቃል እኔ ብናገር ብዬ ነበር የምመኘው።

የምንጣላበት ጉዳይ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህ ጥርስ ይነቀል ወይስ ይቆይ። እኔ በመጽሐፉ ነኝ። እሳቸው ሰውየው የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ሳያውቁ አይወስኑም። በሽተኛ ፊት ላለመጣላት በእንግሊዝኛ ነበር የምንጣላው። አንድ ቀን አፉን ከፍተን ረስተነው ስንከራከር የቆየን ሰው እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ። አፉን እንዲዘጋ ስንፈቅድለት ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ እንደሚያስተምር ነገረንና፣ ከሁለታችን እሱ የሚስማማው ከሳቸው ጋር መሆኑን ጨመረበት። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ሌላው ልማዳቸው የመስኮቱ ፍርድ ነው። የተነቀለ ጥርስ አይጣልም፤ "ጥርሱ የባለቤቱ ነው" ይላሉ፤ በጎዝ ተጠቅልሎ ለሰውየው ይሰጣል። አገሬው ጥርሱን ይዞ ሄዶ የት እንደሚያኖረው እሱ ያውቃል። ነገር ግን ከመጠቅለሉ በፊት ዶክተር አጥናፉ ጥርሱን በመቆንጠጫ ይዘው ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። መነጽራቸውን ይሰካሉ። ወደ ብርሃኑ አንስተው ሥሩን ያገላብጡታል። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይፈርዳሉ። መነቀል የነበረበት ከሆነ "ትክክል" ይላሉ። ካልሆነ ደግሞ፣ "ተሳስተሻል፤ ይኼ ገና ቆሎ ይቆረጥም ነበር።"

ገብስ አብቃይ አገር ነውና የጥርስ ዋጋ የሚለካው በቆሎ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደሰማኋት እግዜር ይቁጠረው። ታዲያ እሳቸው አያዳሉም። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ መጥታ እኔ ይነቀል ስል፣ እሳቸው "ትንሽ እንየው" ብለው በቀይ ሰርዘው መለሷት። በሳምንቱ ጉንጯ እንደ ዳቦ ተነፍቶ መጣች። ጥርሱ ሲወጣ መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት፣ ልጅቷ እየሰማች፣ ሲስተር አስካለ እየሰማች፣ "ዶክተር ቤዛ ትክክል ነበረች፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉ። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቋት። በጥርስ ጉዳይ ዋሽተው አያውቁም፤ ለራሳቸውም ቢሆን።

ካርዱ ጀርባ ላይ የሚጽፉት ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እኔ የስኳር በሽታ አለበት፣ ደም ግፊት አለበት ብዬ ስመዘግብ፣ እሳቸው ጀርባውን ገልብጠው በቀይ "የማርያም ሰሞነኛ፣ በየሦስት ሳምንቱ" ይላሉ። "በእነዋሪ ገበያ ቀን አይመጣም።" "ልጁን በጥር ይድራል።" ኮምፒውተር ገዝተን እንመዝግብ፣ ይህ ምን የሚሉት ሕክምና ነው ብዬ ስንት ጊዜ ለፈለፍኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉኛል፣ ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ተምሬ የመጣሁ ነኝ፤ ምን ልማር ነው የቀረኝ ብዬ አኮርፋለሁ።

ከደንቦቻቸው ሁሉ ያሳቀኝ ግን ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው ነበር፤ ካህን በዋዜማ አይነቀልም። ምክንያቱን ነግረውኛል። ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሰው ባነሰ አይቆምም፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። የከተማ ደብር ካህን ሞልቶታል፤ የገጠሩ ግን ሁለት ካህን ካለው በቃው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ የዓመቱ ንግሥ ያለ ቅዳሴ ያልፋል። ሰማሁ። በዚህኛው ጆሮዬ ገብቶ በዚያኛው ወጣ።

ከዚህ በፊት አንድ ያሸነፍኩት ክርክር ነበር፤ እሱም አባ ገብረ ማርያም በሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ካህን ጉዳይ ነው። ከአንኮበር መለስ ብሎ ካለ ገዳም የሚመጡ፣ ሦስት የሚነቃነቁ ጥርሶች ብቻ የቀሯቸው። እኔ ሦስቱም ወጥተው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራላቸው አልኩ። ዶክተር አጥናፉ፣ እኚህ ሰው ዜማውን በነዚህ ጥርሶች ነው የለመዱት፤ ይቆዩ አሉ። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ታክቷቸው በቀይ "ትሞክረው" ብለው ጻፉ። እኔም ሠራሁ፤ ቆንጆ ነበር፣ አባም መርቀውኝ ሄዱ። ለማስተካከያ በሳምንትዎ ይመለሱ ብላቸው አልተመለሱም። ተስማምቷቸው ነው ብዬ ኮራሁ።

እንግዲህ የሦስተኛው ዓመት ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ ዶክተር አጥናፉ ሰላ ድንጋይ ለቅሶ ሄደዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ከአንኮበር ቁልቁል ካለች ትንሽ የሚካኤል ደብር ቄስ ሞላ የሚባሉ መጡ። የታችኛው መንጋጋቸው በስብሶ፣ ከታመሙ አራት ቀን ሆኗቸው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ። ሲስተር አስካለ ወደ ግድግዳው በአገጯ ታመለክተኛለች። እኔ እንዳላየ ሆንኩ። ቄስ ሞላ ራሳቸው ግን ወንበሩ ላይ ሆነው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ነገ የደብሬ ንግሥ ነው። ካህናቱ ሁለት ብቻ ነን። ደሙ ይቆማል?"

"በግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ አባቴ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" አልኳቸው።

ኃላፊነት አፍ ላይ ሲሆን ቀላል ነው። ማስታገሻ ሰጥቼ፣ ቁስሉን አክሜ ለሁለት ቀን ማቆየት እችል ነበር። ግን ቀይ እስክሪብቶ የሌለበት ቀን መሆኑ ልቤን አሳበጠው። ነቀልኩት። እንከን የማይወጣለት ነቀላ ነበር፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በግማሽ ሰዓት ደሙ ቆመ። ጥርሳቸውን በጎዝ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ያን ከሰዓት እያፏጨሁ መሣሪያ ሳጥብ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዶክተር አጥናፉ ከለቅሶው ተመልሰው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ስልካቸው ጮኸ። ሰሙ፣ ሰሙ። ከዚያ ለደወሉት ለቄስ ሞላ ቀና ብለው እንዲቀመጡ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነክሰው እንዲቆዩ፣ ምራቅ እንዳይተፉ ነገሯቸው። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። አስፕሪን ወስደው እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር? አልጠየቅኩም። ለካ ቄስ ሞላ አራት ቀን ሙሉ ለሕመሙ አስፕሪን ሲውጡ ከርመዋል። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲያንገጫግጫቸው የቆመው ደም እንደገና ፈነዳ። አስፕሪን ደም እንደሚያቀጥን እኔ ለተማሪ ማስተማር የምችል ሰው ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም። ሲስተር አስካለን የካህናቱን ካርድ አምጪ አሏት። ያን ጊዜ ነው ያ የካርዱ ጀርባ ቀይ ጽሑፍ ለምን እንደሆነ የገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉትና ቅዳሴ የሚሸፍን ካህን ፍለጋ ጀመሩ። የሚካኤል ደብር ካህናት ሁሉ የየራሳቸው ንግሥ ስላለባቸው ወደ ጎን ተደረጉ። ይኼኛው የተነቀለለት ከአምስት ቀን በፊት ነው፣ አይሆንም። ይኼኛው የማርያም ሰሞነኛ ነው፣ ደብሩን ትቶ አይመጣም። ይኼኛው እነዋሪ ነው፣ አይደርስም። የቀሩትን እየደወሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄውም ቀላል አልነበረም። ለመቀደስ የሚገባ ባለትዳር ካህን አስቀድሞ ከባለቤቱ አልጋ መለየት አለበት። በስልክ እንዴት ይጠየቃል?

"አባቴ፣ ለነገ ዝግጁ ነዎት?" ይላሉ፣ በታላቅ ትሕትና።

በወዲያኛው ጫፍ ጸጥታ ይሆናል።

"ገባኝ። ለባለቤትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ" ብለው ይዘጋሉ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ አራት ጊዜ ሰማን። በአራተኛው ላይ ሲስተር አስካለ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ከክፍሉ ወጣች። እኔ እያለቀስኩ ስለነበር መሳቄ አልታወቀብኝም። የመጨረሻዋን ካርድ ሲያነሱ ግን ዶክተር አጥናፉ ግንባራቸውን መቱ። መነኩሴ! መነኩሴ ምን ጊዜም ዝግጁ ነው። አባ ገብረ ማርያም።

ወዲያው በሳቸው አሮጌ ቶዮታ ተነሣን። አባን ከገዳማቸው ይዘን ቁልቁለቱን ወረድን። ቄስ ሞላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጨርቅ ነክሰው ቁጭ ብለዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ከቧቸዋል፣ ሁሉም እኔን ያያል። ቁስሉን አጥቤ ሰፋሁት፣ ደሙ ቆመ፤ ግን ለነገው ጊዜው አልፏል። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ "ንግሣችንን የነቀለችው እሷ ናት?" ስትል ሰማኋት። ምን እላለሁ፣ እውነቷን ነው። ዶክተር አጥናፉ ወደ ከተማ እንድመለስ አልፈቀዱልኝም፤ ልታስታጉይው የነበረውን ቅዳሴ ቆመሽ ታስቀድሻለሽ አሉኝ። አንኮበር እኅታቸው ቤት አደርን።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ሞልቷል። ንግሥ ስለሆነ ድምፅ ማጉያ ተከራይተው ዛፉ ላይ ሰቅለዋል። ቅዳሴው በሰላም ተጀመረ። ዶክተር አጥናፉ ከፊቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አባ ድምፃቸው ለዕድሜያቸው የሚገርም ነው። ልቤ ተመለሰ። እግዜር ይመስገን፣ ጉዱ በዚሁ አለፈ አልኩ።

ከዚያ አባ "ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ" አሉ።

የሠራሁት ጥርስ አፏጨ። ሦስቴ። አንድም ፊደል ሳይስት፣ ጥርት ብሎ፣ በድምፅ ማጉያ። ፉጨቱ ገደሉን መትቶ ተመለሰና እንደገና ሰማነው። ከአጥሩ ውጪ አንድ በሽተኛ ሰው ጭኖ የመጣ በቅሎ ጆሮውን አቁሞ ዞረ። ሕዝቡ ግን ምንም እንዳልሰማ ቆሟል፤ ጨዋ ሕዝብ ነው። ዶክተር አጥናፉ አልሳቁም፣ አልዞሩም። ብቻ ትከሻቸው ላይ ያለው ጋቢ ለብዙ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ "ስ" ባለች ቁጥር እየተሸማቀቅኩ ግማሽ ቁመቴን አጣሁ።

ሲያበቃ አባን ጥርሱን አሁኑኑ ላስተካክለው ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ከድሮ ጀምሮ ዲያቆናቱ ሌሊት ማሕሌት ላይ ያንቀላፉ ነበር፤ ይኼ ከገባልኝ ወዲህ አንድም የሚያንቀላፋ የለም አሉኝ። ቄስ ሞላ ደግሞ ጎዙን ከኪሳቸው አውጥተው ጥርሳቸውን ለዶክተር አጥናፉ አሳዩአቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ሰክተው ወደ ፀሐይ አነሱት።

"መነቀሉ ትክክል ነው" አሉ። "የተሳሳተው ቀኑ ነው።"

ወደ መኪናው ስንሄድ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። ይልቅ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ቅስሜ ተሰበረ። ያቺን ቀይ እስክሪብቶ የተዋጋሁ ሴት፣ ለአንዲት ትንሽ ሙሌት ሁሉ ካርድ ይዤ ክፍላቸው በር ላይ የምቆም ሆንኩ። ይነቀል ብዬ እጽፍና እሰርዘዋለሁ። ይቆይ እልና እሱንም እሰርዛለሁ። አንድ አናጢ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ መርፌውን ወግቼ፣ ጉጠቱን ይዤ ቀረብኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። አናጢው የተከፈተ አፉን ሳይዘጋ ጉጠቱን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል። ዶክተር አጥናፉ መጥተው ነቀሉለት። ሰውየው ሲወጣ፣ ልጅቷን ከኔ በላይ አሟታል ብሎ ለሲስተር አስካለ ነገራት።

ችግሩ ደግሞ ዶክተር አጥናፉ እየደከሙ ነበር። ልባቸው ታሟል፤ አንኮበር ገብተው ይረፉ ተብለዋል። ክሊኒኳን ለኔ ሊተዉ ነበር ሐሳባቸው። እኔ ካልወሰንኩ ግን መዝጋታቸው ነው፤ ይህን ሲስተር አስካለ በግልጽ ነገረችኝ። ማታ ማታ ሻንጣዬን አውጥቼ እያየሁ መልሼ እከተው ነበር። እሳቸው ምንም አይሉኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካርድ ይዤ በር ላይ ስቆም፣ ሐኪም ካልወሰነ ሕመሙ ራሱ ይወስናል አሉኝ፤ ፈረሙና ሰጡኝ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ በሽተኛ በሌለበት ሰዓት፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የግራ መንጋጋቸው ካመማቸው ሳምንታት እንዳለፉ ነገሩኝ። ራጅ አነሳሁ፤ ግልጽ አልነበረም። በመሣሪያ ነካካሁት፤ በአንድ በኩል መሣሪያው ድዱ ሥር ጠልቆ ገባ። ሥሩ የተሰነጠቀ መሰለኝ፤ ከተሰነጠቀ ማዳን አይቻልም። ወይም ደግሞ መግል ብቻ ነው፣ ሥሩ ቢታከም ይድናል። እርስዎ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ በሽተኛ ነኝ" አሉ።

ቀይ እስክሪብቷን ከጆሯቸው አውርደው ዘረጉልኝ። የራሳቸውን ካርድ ደረታቸው ላይ አስቀምጠውታል። ራጁን እንደገና አየሁት፣ ጥርሱን እንደገና ነካሁት። ከዚያ በቀይ "ይነቀል" ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን አንስተው አነበቡት።

"ወሰንሽ?"

"ወሰንኩ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ" ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ነቀልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተረጋግቼ አላውቅም። ልክ እንደወጣ፣ ጎዝ ነክሰው ተነሡ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥርሱን ከመቆንጠጫው ላይ ወሰዱት። ወደ መስኮቱ ሄዱ። መነጽራቸውን ሰክተው ጀርባቸውን ሰጡኝና ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ቆሜ የምጠብቀው ጥርስ አልነበረም፤ ራሴን ነበር የምጠብቀው።

"ትክክል ነሽ" አሉ፣ በጎዙ መሐል እየተኮላተፉ። "ተሰንጥቋል።"

ልየው ብዬ ስጠጋ ጠቅልለው ጋዋናቸው ኪስ ከተቱት። ጥርሱ የባለቤቱ ነው አሉኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ያን ዕለት እናቴ ጋ ደውዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ያላወራኋትን አወራኋት። ከዚያ በኋላ እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሦስት ወራቸው እሳቸው አንኮበር ገቡ፤ ቀይ እስክሪብቷ እኔ ጆሮ ላይ ቀረች። እስካሁን ድረስ የካርዶቹን ጀርባ በሷ እጽፋለሁ፤ ዋዜማ ላይ ካህን ነክቼ አላውቅም።

ወደ ቀብሩ ልመለስ። ፍትሐቱ ላይ አባ ገብረ ማርያም ነበሩ፤ ከካህናቱ መሐል ያቺን ፉጨት ስሰማ እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ ከአጠገቤ ያለችው ሲስተር አስካለም እንደዚሁ። ከቀብር መልስ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ባለቤታቸው እትዬ የሺ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ለቤዛ ስጪልኝ ብሎኝ ነበር፤ ከሞትኩ በኋላ እንጂ ቀድመሽ እንዳትሰጪ ብሎ አስምሎኛል አሉኝ። አንዲት የክብሪት ሳጥንና አንድ ካርድ ሰጡኝ።

ሳጥኗ ውስጥ ጎዝ፣ ጎዙ ውስጥ ጥርሱ ነበር። የጓዳዋ መስኮት ትንሽ ናት፤ ጉሙ ለቅቆ ፀሐይ ወጥታ ነበር። መነጽር የለኝም እንጂ ብሰካ ደስ ይለኝ ነበር። አነሳሁትና ሥሩን አገላበጥኩት። ሁለቱም ሥሮች ድፍን፣ ጤነኛ። ከጫፉ ትንሽ መግል ነክቶታል፤ በሁለት ቀጠሮ ይድን ነበር። ስንጥቅ የሚባል የለበትም።

"ይኼ ገና ቆሎ ይቆረጥም ነበር" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እትዬ የሺ ምን እንዳልኩ አልገባቸውም፤ አይዞሽ ልጄ እያሉ ጀርባዬን ያሹኛል።

ከዚያ ካርዱን አየሁት። ያው የሐሙሱ ካርድ ነው፤ በኔ ጽሑፍ በቀይ "ይነቀል" ይላል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ ለካህናቱ ሰሞናቸውን፣ ለገበሬዎቹ የገበያ ቀናቸውን በሚጽፉበት ቦታ ላይ፣ በራሳቸው እጅ እንዲህ ይላል፤

"ተሳስታለች። እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም።"